የማይታይ ጠላት በጠረጴዛ ጨዋታ፦ «አላየሁትም» እና «የት እንዳለ አላውቅም» አንድ አይደሉም

የሚና ጨዋታ በሚጫወቱ ጓደኛሞች መካከል ጭቅጭቅ ከሚያስነሱ ነገሮች አንዱ የማይታይ ጠላት ነው። ጠላቱ በአስማት ይሰወራል። አንዱ ተጫዋች «ካላየሁት እንዴት ልመታው?» ይላል። ሌላው «አሁን እዚህ ነበር፤ እዚሁ እመታዋለሁ» ብሎ ድርቅ ይላል። አጫዋቹ ደግሞ የጠላቱን ቦታ ስለሚያውቅ የሚናገረው ሁሉ ያስጠረጥረዋል። በቃ፣ ጨዋታው ቆሞ ክርክር ይሆናል። ክርክሩ በወጉ ካልተፈታ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ሰው ይቀንሳል።

ዛሬ ደንቡን ከሥሩ እናያለን። አንብባችሁ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ስትከራከሩ አውጥታችሁ ታዩታላችሁ።

ለአዲስ አንባቢ፦ ጨዋታው ምንድን ነው?

የጠረጴዛ የሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አንድን ታሪክ በጋራ የሚጫወቱበት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛል፤ ጦረኛ፣ ቀስተኛ፣ አስማተኛ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰው ደግሞ አጫዋች ይሆናል፤ ዓለሙን ይተርካል፣ ጠላቶችን ያንቀሳቅሳል፣ ደንብ ይዳኛል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ከዚህ በታች የምናወራው በዋናነት ስለዚህ ጨዋታ አምስተኛ እትም (2014 እ.ኤ.አ.) ነው።

«ውጊያ» ስንል በወረቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለ መሰወርም ስናወራ ጉዳያችን እምነት አይደለም። ስለ ገዳም ስውራን፣ ስለሚሰወር ደብተራ፣ ስለ ጅን በወሎ ብዙ ይወራል፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው። እዚህ ያለው የጨዋታ ደንብ ነው።

1. ዋናው ነጥብ፦ ሦስት ደረጃ እንጂ ሁለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚያስበው «ይታያል» ወይም «አይታይም» ብሎ ነው። ደንቡ ግን ሦስት ደረጃ አለው።

ሀ. የሚታይ። ቦታውም ይታወቃል፣ መልኩም ይታያል። ምቱ እንደ ተለመደው ነው።

ለ. የማይታይ፣ ግን ቦታው የሚታወቅ። በዓይን አታዩትም፤ ኮቴው ይሰማል፣ ሳሩ ይተኛል፣ ጭቃው ላይ ዱካ ይቀራል። መምታት ትችላላችሁ፣ ግን ይከብዳል።

ሐ. የማይታይ እና የተደበቀ። አይታይም፣ አይሰማም፣ ቦታው አይታወቅም። መምታት ከፈለጋችሁ ገምታችሁ ነው።

ይሄን የደጋ ልጅ በቀላሉ ይረዳዋል። በክረምት ጉም ሲወርድ አስር ሜትር ላይ ያለ እረኛ አይታይም። ግን ከብቱን ሲጠራ፣ ጅራፉን ሲያጮህ በየት በኩል እንዳለ ታውቃላችሁ። ይህ «ለ» ነው። እረኛው ዝም ብሎ ቢቀመጥስ? ያን ጊዜ «ሐ» ይሆናል። ጉሙ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የእረኛው ድምፅ ነው።

ልጅ ሆነን የተጫወትነው ድብብቆሽም ይህንኑ ያስተምራል። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ» ሲል የተደበቁት «አልነጋም» እያሉ ይመልሳሉ። ብልጥ ፈላጊ ዓይኑን ሳይገልጥ በጆሮው ብቻ ማን በየት በኩል እንደሄደ ይለያል።

እንግዲህ የጭቅጭቁ ሁሉ ምንጭ ይሄ ነው፦ ጠላት ስለተሰወረ ብቻ «ለ» ላይ ነው እንጂ «ሐ» ላይ አይደለም። በአምስተኛው እትም «ሐ» ለመድረስ ተራውን ከፍሎ መደበቅ አለበት። በዚያ ተራ መደበቅን ከመረጠ፣ የተለየ ችሎታ ከሌለው በቀር፣ አይመታም።

2. ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

ገበጣና ሰንጠረዥ የምትጫወቱ ሁሉ እንደምታውቁት ጠጠሩም ሆነ ንጉሡ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። የተሰወረ ነገር የለም፤ የተሰወረው የባላጋራችሁ ሐሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳኛ አያስፈልግም።

የማይታይ ጦር ሲመጣ ግን ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሦስተኛ ሰው የግድ ይላል። በፕሩሺያ ራይስቪትስ የተባለ መኮንን በ1824 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጦር ጨዋታ የሚመራው በዳኛ ነበር። ተጫዋቾች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛው ካርታው ላይ የሚያስቀምጠው ባላጋራ ሊያየው የሚችለውን ጦር ብቻ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄንሪ ማይክል ቴምፕል የተባለ እንግሊዛዊ ሐሳቡን ወደ ቼዝ አመጣው። ሁለቱ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ቁራጭ ብቻ ያያሉ፤ ሙሉው ሰሌዳ ያለው ዳኛው ዘንድ ነው።

የዛሬው አጫዋች የዚያ ዳኛ ወራሽ ነው። ልዩነቱ፣ ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ራሱ ነው። ዳኛም ባላጋራም በአንድ ሰው! ታማኝነቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

3. ቁጥሩ ምን ይላል?

በአምስተኛው እትም ምት የሚወሰነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ በመጣል ነው። የማይታይን ጠላት ስትመቱ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥላችሁ ትንሹን ትወስዳላችሁ፤ ዲስአድቫንቴጅ ይባላል። እሱ እናንተን ሲመታ ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል፤ አድቫንቴጅ ይባላል።

ለመምታት 11 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል እንበል። በተለመደው አጣጣል እድላችሁ 50 በመቶ ነው። ጠላቱ የማይታይ ከሆነ የእናንተ እድል 25 በመቶ ይሆናል። እሱም እናንተን ለመምታት 11 የሚያስፈልገው ከሆነ የእሱ 75 በመቶ ይሆናል። እናንተ አንዴ ስታገኙት እሱ ሦስቴ ያገኛችኋል።

ከተደበቀ ደግሞ ይብሳል። ከአራት ካሬ በአንዱ ውስጥ እንዳለ ብቻ ብታውቁና አንዱን ገምታችሁ ብትመቱ፣ የ25 በመቶው ሩብ ነው የሚቀራችሁ፤ 6.25 በመቶ፣ ማለትም ከ16 አንዱ። «ለ» እና «ሐ»ን መለየት የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳየው ይሄ ነው። ከ4 አንድ እና ከ16 አንድ በጣም ይራራቃሉ።

ድሮ በሦስተኛው እትም (2000 እ.ኤ.አ.) አሠራሩ የተለየ ነበር። መጀመሪያ ካሬውን ትገምታላችሁ፣ ከዚያ ምቱ ቢሳካ እንኳ 50 በመቶ የመሳት እድል ይጨመርበታል። በምሳሌያችን ቁጥር ስትሠሩት ውጤቱ ያው 25 በመቶ ይሆናል። መንገዱ ተቀየረ እንጂ ክብደቱ ብዙም አልራቀም።

4. የማይታየው ጠላት ሌላ ምን ጥቅም አለው?

ብዙ አስማቶች «የምታየውን ዒላማ» ይላሉ። እነዚህ በማይታይ ላይ አይሠሩም። ማጂክ ሚሳይል ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የትም ቦታ የማይስት አስማት ነው፣ ግን ዒላማው መታየት አለበት።

ሌላው፣ ጠላት ከአጠገባችሁ ሲሸሽ የምትሰነዝሩት ነጻ ምት የሚፈቀደው ለምታዩት ጠላት ብቻ ነው። የማይታየው እንደፈለገ ይገባል፣ ይወጣል።

5. ድክመቱስ?

አንደኛ፣ ተራው የመሰወር አስማት (ኢንቪዝቢሊቲ) እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ነገር ግን የተሰወረው ሰው ከመታ ወይም አስማት ከሠራ ወዲያው ይገለጣል። እየመታ ሳይገለጥ የሚቆየው ከፍ ባለው (ግሬተር ኢንቪዝቢሊቲ) ነው፤ እሱም ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው፣ ማለትም 10 ዙር። ስለዚህ አጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት የትኛው እንደሆነ መወሰን አለበት። መሐል ላይ መቀየር የለም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም አስማቶች የአስማተኛውን ትኩረት ይፈልጋሉ። አስማቱን የያዘው ሰው ሲመታ ትኩረቱን ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስውሩ ይገለጣል። አንዳንዴ መፈለግ ያለበት ስውሩ ሳይሆን ከኋላ የቆመው አስማተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ተደብቆ የመታ ሰው ቢያገኝም ቢስትም በመምታቱ ቦታው ይታወቃል።

6. ተጫዋቾች ምን ማድረግ ይችላሉ?

- መስማትና መፈለግ። ተራችሁን ለፍለጋ ተጠቀሙ። ዳይስ ጥላችሁ የጠላቱን የመደበቅ ቁጥር ከደረሳችሁ ቦታውን ታውቃላችሁ። ለጓደኞቻችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩ። ቦታውን ያውቃሉ፣ ግን አሁንም አያዩትም፤ ሁለት ጥለው ትንሹን መውሰዳቸው አይቀርም።

- መጠበቅ። «አጠገቤ ሳሩ ሲንቀሳቀስ እመታለሁ» ብላችሁ ምታችሁን አዘጋጁ። ምክንያቱ በስሜት ሕዋስ የሚታወቅ ነገር መሆን አለበት፤ «ጠላት ሲመጣ» ብቻ አይበቃም።

- አካባቢን የሚመታ አስማት። ፋየርቦል ዓይን አይፈልግም፤ ቦታ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠላቱ በክልሉ ውስጥ ካለ ያገኘዋል።

- ማብራት። ፌሪ ፋየር የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ አስማት የያዘውን ሰው በብርሃን ይከበዋል። ስውርነቱ ዋጋ ያጣል፤ እንዲያውም የሚመታው ሰው ሁለት ጥሎ ትልቁን ይወስዳል።

- ማየት። ሲ ኢንቪዝቢሊቲ ለአንድ ሰዓት የማይታየውን ያሳያል፤ አስማቱን ለሠራው ሰው ብቻ ነው።

- ጨብጦ መያዝ። በ2014ቱ ደንብ መያዝ የጉልበት ፉክክር እንጂ የምት ዳይስ አይደለም፤ ስለዚህ የሁለት ዳይስ ቅጣቱ አይነካውም። ቦታውን ካወቃችሁ ያዙት። ከተያዘ አይንቀሳቀስም፤ ጓደኞቻችሁ ካሬውን አይገምቱም።

- ዱቄት፣ አመድ፣ ውሃ። የገብስ ዱቄት መበተን፣ መግቢያው ላይ አመድ መነስነስ ደንቡ በዝርዝር አይናገርም፤ ለአጫዋቹ የተተወ ነው። የእኛ ምክር፦ ዱቄቱ ቦታውን እስከሚቀጥለው ተራ ያሳይ፣ ስውርነቱን ግን አያጥፋ። አለበለዚያ አንድ ቁና ዱቄት ከአስማተኛ ይበልጣል።

- ጉሙን ለሁለቱም ማድረግ። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አጥቂውና ተጠቂው እርስ በርስ ካልተያዩ አድቫንቴጁና ዲስአድቫንቴጁ ይጣፋሉ፤ ሁለቱም አንድ ዳይስ ብቻ ይጥላሉ። ስለዚህ ጠላት የማይታይ ከሆነና እናንተ መብራት ብታጠፉ ወይም ፎግ ክላውድ በሚባለው አስማት ጉም ብትለቁ፣ እሱም እናንተን አያይም። በጨለማ የሚያይ ዓይን ካለው መብራት ማጥፋቱ አይጠቅምም፤ ጉሙ ግን እሱንም ይጋርደዋል። 25 ለ75 የነበረው 50 ለ50 ይሆናል።

7. አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

ቦታው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ የደንቆሮ ጫካ ጫፍ ይሁን። ጠዋት ነው፣ ጓሳው ረጥቧል፣ ጅባራ እዚህም እዚያም ቆሟል። አንዱ ካሬ 5 ጫማ፣ ማለትም ወደ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሦስት ተጫዋች አሉ፦ ጦረኛ፣ ቀስተኛና አስማተኛ። ጠላቱ እየመታ የማይገለጥበት ከፍ ያለው ስውርነት አለው።

ዙር 1። ጠላት ጦረኛዋን ይመታል። 7 እና 15 ወጣ፤ 15ን ይወስዳል፣ ያገኛል። አጫዋቹ «ምቱ ከግራሽ፣ ከጅባራው ሥር መጣ» ይላል፤ እዚያ ካሬ ላይ አንድ ባቄላ ያስቀምጣል። ጦረኛዋ መልሳ ትመታለች። 14 እና 6 ወጣ፤ 6ን ትወስዳለች፣ ትስታለች። ልብ በሉ፦ ካሬውን አልገመተችም። ታውቀዋለች።

ዙር 2። ጠላት አራት ካሬ ያህል ይሄዳል። ነጻ ምት የለም፣ ስለማይታይ። ተራውን ለመደበቅ ያውለዋል፤ ጠቅላላ ቁጥሩ 17 ሆነ። የሦስቱ ተጫዋቾች ዳይስ ሳይጣል የሚሠራው የንቃት ቁጥር 11፣ 12 እና 14 ነው። ማንም አልሰማም። አጫዋቹ ባቄላውን ያነሳል፤ «ጓሳው ወደ ቋጥኙ ተኛ፣ ከዚያ ጸጥ አለ» ይላል። ጦረኛዋ ምቷን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ቀስተኛው ይፈልጋል፤ 19 አገኘ፣ ከ17 በለጠ። «ከቋጥኙ በስተቀኝ ነው!» ይላል። ባቄላው ይመለሳል። አስማተኛው ቦታውን ስላወቀ ፌሪ ፋየር ይለቃል፤ ጠላቱ መከላከያ ዳይሱን ጥሎ ይወድቃል። በብርሃን ተከበበ።

ዙር 3። አሁን ሁለት ጥሎ ትልቁን የሚወስደው የእናንተ ወገን ነው።

ጠላቱን የጣለው አንድ ትልቅ ምት አይደለም። አንዱ ፈለገ፣ አንዱ ጠበቀ፣ አንዱ አበራ።

8. ለአጫዋቹ፦ ምስጢር ያዝ፣ ግን አታጭበርብር

አጫዋች ሆይ፣ ሁሉን ታውቃለህ። ጠላትህ ግን ሁሉን አያውቅም። ተጫዋቾችህ በሹክሹክታ ያወሩትን ጠላቱ ካልሰማ አንተም እንዳልሰማህ ሆነህ ተጫወት። ይህን ለማክበር የሚረዱ አራት ልማዶች አሉ።

ቦታውን ጻፍ። ጠላቱ ሲደበቅ የካሬውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈህ አጥፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። ተጫዋች ገምቶ ከሳተ፣ ውጊያው ሲያልቅ ወረቀቱን ክፈተው። «ሆን ብለህ ቀየርከው» የሚል ወሬ ያን ጊዜ ያበቃል።

«ሳትክ» ብቻ በል። ተጫዋቹ ባዶ ካሬ ቢመታም፣ ትክክለኛውን ካሬ መትቶ ዳይሱ ቢያንሰውም፣ መልስህ አንድ ይሁን። «እዚያ የለም» ካልክ ቦታውን ሰጠኸው።

በየዙሩ ፍንጭ ስጥ። ሽታ፣ ትንፋሽ፣ የተሰበረ ጭራሮ፣ የደነገጠ የጭላዳ መንጋ። ፍንጭ የሌለው ስውር ጠላት ጨዋታ አይደለም፤ ሎተሪ ነው።

ለተጫዋቾች የሚሠራው ደንብ ለጠላትህም ይሥራ። የእነሱ አስማተኛ ሲሰወር ጠላቶችህ በቀጥታ ወደ እሱ ካመሩ፣ የሰጠኸው ስውርነት የውሸት ነው።

ለተጫዋቾችም አንድ ነገር፦ ካርታው ላይ ያለውን ባቄላ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ገጸ ባሕሪያችሁ ከቋጥኝ ኋላ ሆኖ ምንም ካልሰማ፣ ባቄላውን እያያችሁ መሄድ ደንብ መጣስ ነው።

9. በ2024 ምን ተቀየረ?

የተሻሻለው ደንብ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መደበቅ የተወሰነ ቁጥር ተቀመጠለት፤ ለመደበቅ ቢያንስ 15 ማግኘት ያስፈልጋል። ያገኛችሁት ቁጥር ፈላጊው ሊደርስበት የሚገባው ይሆናል። በተጨማሪ፣ በመደበቅ የተሳካለት ሰው እስኪገኝ ድረስ እንደ ስውር ይቆጠራል። አንዳንዱ ጠረጴዛ በ2014ቱ፣ አንዳንዱ በ2024ቱ ይጫወታል። ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው እንደምትሄዱ ተስማሙ፤ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ መውሰድ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

10. በእጃችን ባለው ዕቃ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ስልክ ላይ ያለው ጨዋታ ሁሉ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ አይተናል። ይሄኛው መብራትም ኔትወርክም አይፈልግም። የመካነ ሰላም ካምፓስ ተማሪ ይሁን የከለላ ወይም የወግዲ ልጅ፣ የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦

ካርታ፦ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር።

ዳይስ፦ ባለ 20 ገጽ ከሌላችሁ 20 ቆርኪ ሰብስቡ፣ ከ1 እስከ 20 ጻፉባቸው፣ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ። አንዱን አውጡ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ መልሱት፣ ናጡት። ሁለት ጊዜ መጣል ሲያስፈልግ የመጀመሪያውን ሳትመልሱ ሁለተኛውን አታውጡ፤ እድሉ ይዛባል።

ጠላት፦ ባቄላ። ለተገመተ ቦታ ሽምብራ።

ደንብ፦ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ደንብ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ተለቋል፤ የተሻሻለውም በ2025 እ.ኤ.አ. እንዲሁ። ማውረድ፣ ማተም፣ ማባዛት፣ ወደ አማርኛ መመለስም ይፈቀዳል። ግዴታው ምንጩን መጥቀስ ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ አትሙት።

አንድ የመጨረሻ ምክር። ጠላቶቻችሁን ከተረት ውሰዱ፤ ጅብ፣ ዘንዶ፣ ስውር ጠንቋይ ሞልቷል። የሰፈር ሰው፣ ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም ዛሬ መሣሪያ የያዘ ወገን ጠረጴዛው ላይ ጠላት አይሁን። በዚህ ዘመን ሰው ሁለት ሰዓት ሊስቅ ተሰብስቦ ተኳርፎ መበተን የለበትም።

ለማስታወስ ያህል በአጭሩ፦ የተሰወረ ሁሉ የተደበቀ አይደለም። ቦታው ከታወቀ ሁለት ጣሉ፣ ትንሹን ውሰዱ። ቦታው ካልታወቀ ፈልጉ ወይም ገምቱ። ሁለታችሁም ካልተያያችሁ አንድ ዳይስ ይበቃል። አጫዋቹ ቦታውን ይጻፍ።

በጠረጴዛችሁ ላይ ያከራከራችሁ ሌላ ደንብ ካለ ጻፉልን፤ በተከታዩ እንመለስበታለን። ለሚጫወቱ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጨዋታ!